የእናቴ ባቡር

እናቴ ያደገችው ድሬዳዋ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆና ነው። አባቴን አግብታ ሐዋሳ ከመጣች በኋላ አርባ ዓመት ታቦር ሰፈር ስትኖር የምታጉረመርምበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ከተማው ባቡር የለውም። ሐይቁንም ዓሣውንም ወደደች፤ አውቶቡሱን ግን አልለመደችውም።

ከሞጆ ሐዋሳ ባቡር ሊገባ ነው የተባለ ጊዜ፣ "የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እኔ ነኝ!" እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች። ዓመታት አለፉ፤ ሐዲዱ ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም። ጉልበቷ እየደከመ ሲሄድ እንዳይቆጨኝ ፈራሁና አዳማ ድረስ በመኪና ወስጃት፣ ከዚያ በአዲሱ ባቡር ወደ ድሬዳዋ ይዣት ሄድኩ።

ገና ከመነሳታችን መስኮቱን ለመክፈት ታገለች። አይከፈትም።

"አዋሽ ስንደርስ ታዲያ ብርቱካን በየት በኩል እንገዛለን?" አለችኝ።

"እማ፣ ዛሬ በመስኮት የሚሸጥ የለም" አልኳት።

ቅር አላት። ትንሽ ቆይታ ግን አጠገቧ ለተቀመጡት አሮጊት ስለ ልጅነቷ ታወራ ጀመር። አባቷ ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ ፊሽካ ነፊ እንደነበሩ፣ ምሳቸውን ይዛ ትሮጥ እንደነበር ነገረቻቸው።

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። "እኒያ ረጅሙ? አባትሽ ናቸው? ለገበያ ስንሄድ ከዘገየን፣ እኛን ሳያሳፍሩ ፊሽካ አይነፉም ነበር እኮ!"

እናቴ አለቀሰች። እስከ ድሬ እጃቸውን አልለቀቀችም፤ እኔንም ረሳችኝ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።