ቄጠማ ነቅዬ የተቀጣሁት ቅጣት

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ጉና ተራራ ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ አጥንት በሚሰብር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነበር... ተቀጥቼ! እኔ፣ ደብረ ታቦር ላይ ኢንጂነሪንግ የማስተምረው ሰውዬ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌዋ ጤና ኬላ መብራት የለውም። እዚያ የምትሠራው የሺ፣ ምጥ ድንገት የመጣባቸውን እናቶች የምታዋልደው በአንድ እጇ የስልኳን ባትሪ እያበራች ነው። ይህን ስሰማ አንጀቴ አልቻለም። በጓሮው በሚያልፈው የመስኖ ቦይ ውስጥ እየዞረ መብራት የሚሰጥ ትንሽ የብረት መዘውር ሠራሁ።

ግን ምን ዋጋ አለው! አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ገለባና ሳር ክንፎቹ ላይ ይጠመጠምና ቀጥ ይላል። አጸዳለሁ... ደግሞ ቀጥ!

ተናደድኩ። ቆሻሻውን የሚያመጣው ቦዩ መሃል የበቀለው ቄጠማ መስሎኝ እሱን እየነቀልኩ መጣል ጀመርኩ።

«ማንን አስፈቅደህ ነው?» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

አባ ፈንታ ናቸው፣ የውሃ አባቱ። የመስኖውን ተራ እንዲያከፋፍሉ ገበሬው የመረጣቸው ሽማግሌ። እሳቸውን ሳያስፈቅድ ቦይ የነካ ሰው ቅጣቱ ቦዩን በእጁ መጥረግ ነው።

«አባቴ፣ እኔ እኮ መብራት ላስገባላችሁ ነው የመጣሁት...»

«እግዜር ይስጥህ። መብራቱንም ታስገባለህ፣ ቦዩንም ትጠርጋለህ።»

«ክፍል አለብኝ እኮ!»

«ቶሎ ከጠረግህ ትደርሳለህ። በል ጎንበስ!»

የውሃ ተራ የሚጠብቀው ገበሬ እየሳቀብኝ ጎንበስ አልኩ። መጀመሪያ በንዴት ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ድንጋዩም፣ ቀጥ ብሎ የተተከለው እንጨትም ገለባ ለብሷል። ከእኔ የተረፈው ቄጠማ ላይ ግን አንድም የለም! ውሃው ሲገፋው ወደሚፈስበት ይተኛል፣ ገለባውም በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል።

የእኔ ክንፎች ደግሞ ግትር ብለው ቆመዋል።

«አባ! ይሄ ቄጠማ እኮ...» ብዬ ጮህኩ።

«አዎ፣ አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን አያግድም። ለዚህ ነው የማናስነቅለው» አሉኝ፣ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። እኔ ለዓመታት የተማርኩትን እኒህ ሰው በየቀኑ ቆመው ሲያዩት ኖረዋል። አከበርኳቸው።

ቅጣቴን ጨርሼ በቀጥታ ብየዳ ቤት ሄድኩ። ክንፎቹን እንደ ቄጠማው ወደ ኋላ አስጎነበስኳቸው።

ትናንት ተመለስኩ፤ አሁን አስፈቅጄ። መዘውሩን ውሃው ውስጥ አስገባነው። ገለባው መጣ... ክንፉን ነካው... ሸርተት ብሎ አለፈ። መዘውሩም መዞሩን አላቆመም። ማዋለጃ ክፍሏ ውስጥ አምፖሉ ቦግ አለ። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

የሺ የስልኳን ባትሪ አጥፍታ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። አባ ፈንታ አማተቡና ወደ እሷ ዞሩ።

«በይ ልጄ፣ እንግዲህ ሁለቱም እጅሽ ተፈታ።»

እኔ አምፖሉ ስንት ዋት እንደሆነ ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር... ዘጋሁት።