የሚያልበው እንስራ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ነገሌ

ባጃጁ በራችን ላይ ቆሞ ሲንደቀደቅ አባባ ነቅተው ነበር። ከአልጋቸው ሳይነሱ «በዚህ ማለዳ ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ዋደራ። የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው።»

«በቅዳሜ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ትናንት ማታ ከራስጌያቸው ያስቀመጥኩት የፕላስቲክ ጆግ እንደሞላ ነው፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟች እናቴ ከዋደራ ያመጣችው የውሃ እንስራ ሳሎናችን ጥግ ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ኖሯል። ባለፈው ወር ግድግዳውን ቀለም ልቀባ ብዬ ገፋ አደረግሁትና ለሁለት ተከፈለ። እኔ፣ አርባ ዓመት ያለፈኝ የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ «ድመቷ ናት የሰበረችው» አልኩ። ድመት እንኳ የለንም፣ የጎረቤት ናት። አባባ ስባሪውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወዲህ ግን ውሃ ጠሉ። «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል» እያሉ ጆጉን በእጃቸው ይገፉታል። ሐኪሙ ኩላሊታቸውን አይቶ፣ ውሃ በብዛት ካልጠጡ ሆስፒታል መተኛታቸው እንደማይቀር ነግሮኛል። ጡረታ የወጣ ወታደር ደግሞ በግድ አይጠጣም። ስለዚህ እንስራ ፍለጋ ወጣሁ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መንገድ ላይ

ከመናኸሪያ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጫለሁ። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው የሚረዝም ኩይሳ፣ አስፋልቱን የራሳቸው ያደረጉ ግመሎች። ወደ ዋደራ በቀረብን ቁጥር አገሩ እየለመለመ፣ ነፋሱም እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሾፌሩ ቦሩ ይባላል፤ መሪውን በአንድ እጁ፣ ወሬውን በሁለት እጁ የሚይዝ ሰው ነው። የምሄድበትን ስነግረው ሳቀ።

«ሸክላ ሠሪዋ አዴ ሎኮ ጋ ነዋ! ከመንገዱ ዳር አወርድሻለሁ። ግን እህቴ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ። እንደቸገረሽ እንዳታሳዪ። ለምንድን ነው ካለችሽ ለጌጥ ነው በይ። ችግርሽን ካወቀች ዋጋው ጣሪያ ይነካል።»

ምክሩ ደስ አለኝ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ሁለተኛው አይከብድም።

አራት ሰዓት፣ ዋደራ

የአዴ ሎኮ ግቢ ጭስ ጭስ ይላል። መሃል ላይ የተቆፈረው ጉድጓድ ገና አልበረደም፤ ፍሙ ከአመዱ ሥር ቀልቷል። ዳር ዳሩን የተፈለጠ እንጨት ተከምሯል። አዴ ሎኮ ስልሳውን ያለፉ፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ የደረቀበት ሴት ናቸው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሎኮ?»

«ነጋ፣ ነጋ። ግቢ።»

ደጃፉ ላይ ሁለት እንስራ ቆሟል። አንዱ ጥቁር ነው፤ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። ሌላው ቀይ ሆኖ ጎኑን ነበልባል አጥቁሮታል፤ ውሃ ሞልቶበት ሆዱ ረጥቧል፤ ከሥሩ ያለው አፈርም በስብሷል። ይሄ ምስኪን ያፈሳል አልኩ በልቤ።

«ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ለቤት።»

«ለቤት ምን?»

«ለጌጥ። ሳሎን ላስቀምጠው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ጥቁሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ይሄን ውሰጂ። አራት መቶ ብር።»

«ይሄ ቀዩስ?» አልኩ፣ ለጨዋታ ያህል።

«እሱ ለጌጥ አይሸጥም።»

ግራ ገባኝ። ደህናው ይሸጣል፣ የሚያፈሰው አይሸጥም! «የሚያፈስ ከሆነ ለምን አይጥሉትም ታዲያ?» ብል አዴ ሎኮ እየሳቁ እንጨቱ ላይ ተቀመጡ። ምኑ እንዳሳቃቸው አልነገሩኝም። ብሩን ሲቀበሉኝ ደግሞ ፊታቸው ቅር ያለው መሰለኝ። ሻጭ ሲሸጥ ቅር ሲለው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት፣ እዚያው

የመመለሻ መኪና የለም። ጥቁሩን እንስራ በሳር ጠፍረን ጨርሰናል፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አዴ ሎኮ ከዚያ ከሚያፈሰው እንስራ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ።

ጠጣሁ። ጥርስ ያማል፣ እንዲያ ይቀዘቅዛል። አፈር አፈር፣ በስሱም ጭስ ጭስ ይላል። ጣዕሙ የሳሎናችን ጥግ ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ስትቀዳ ታየችኝ፤ እንባዬ መጣ፤ አፈርኩም።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አዴ ሎኮ። «ዱጋ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

ስለ አባባ፣ ስለ ጆጉ፣ ስለ ኩላሊቱ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ድመቷን እንኳ አላስቀረሁም። አዴ ሎኮ ጉልበታቸውን መቱ።

«ቅድም እንዲህ አትይም ነበር! ይሄ ጥቁሩ የወተት ነው። ከእሳት ሲወጣ ትኩሱን በወተት አጥበዋለሁ፤ የአፈሩ ቀዳዳ ይደፈናል። ውሃ ብታደርጊበት ይሞቃል፣ ይሸታል። አባትሽ ጭራሽ ይተውት ነበር። ቀዩን ግን ምንም አላስነካሁት። ውሃው በገላው ይወጣል። ያልበዋል እንጂ አያፈስም፤ ሲያልበው ነው የሚቀዘቅዘው። ይሄን ደርቆ እንዲቀር ለጌጥ አልሰጥም።»

«ዋጋውስ?» አልኩ፣ ጣሪያውን እየፈራሁ።

«ያው ነው። ዋጋው መቼ ይለያያል?»

ጥቁሩን መልሰው ቀዩን ሰጡኝ። ውሃውን ልደፋው ስል እጄን ያዙኝ። የውሃ እንስራ ከሳቸው ግቢ ባዶውን አይወጣም፤ የመጀመሪያ ውሃውን ይዞ ይሄዳል። ጉልበቴ እንዳይዝል ግማሹን ቀነሱልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ የመልስ መንገድ

ያው የቦሩ ሚኒባስ ነው። እንስራውን ጭኔ ላይ አቅፌ ሩብ መንገድ ሳንሄድ ቀሚሴ ረጠበ። ጎኔ ያለው ሰውዬ ሱሪውን እያራገፈ ተነሳ።

«እህቴ፣ ያፈሳል!» ጮኸ ቦሩ። «ተሸወድሽ! ለጌጥ ነው አላልሻትም?»

«አያፈስም። ያልበዋል» አልኩ፣ ልክ አፈር ሳቦካ እንዳደግሁ ሁሉ።

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ኮስተር ብዬ ተቀመጥኩ፤ ልቤ ግን አላመነም። የሚያፈስና የሚያልበው እንስራ በምን ይለያል? ሁለቱም ቀሚስ ያረጥባሉ። ቢያፈስስ? አዴ ሎኮ የተሰነጠቀ አስታቅፈውኝ ከሆነስ? ቀድሞ የማላውቀውን ሰው ልመን ወይስ የራሴን ዓይን፣ ሳልወስን ነገሌ ገባሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ነገሌ

አባባ ሳሎን ተቀምጠዋል። ጆጉ እንደሞላ ነው። እንስራውን ከድሮው ቦታ አስቀመጥኩት። ከገበያ ነው የገዛሁት ልል አስቤ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

ተነሱ። መዳፋቸውን በእንስራው ሆድ ላይ አሳረፉና የረጠበ እጃቸውን ትኩር ብለው አዩ።

«ጣሳውን አምጪ» አሉ።

ቀዳሁላቸው። እንደቆሙ፣ ሳያቋርጡ ጠጡት። ጣሳውን መልሰው ዘረጉልኝ።

«ድገሚኝ።»

ሁለተኛውን ቀስ ብለው፣ እንደሚያዳምጡ ሆነው ጠጡ። ጢማቸውን ጠረጉና ወደ ወንበራቸው ሄዱ። ሲቀመጡ ዞር ብለው አዩኝ።

«ለድመቷ ንገሪያት» አሉኝ፤ «ይቅር ብያታለሁ።»