በጣ ነው በታ?

የጎረቤቴ ልጅ የፊልም ተዋናይ ናት። ቢቸና ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ቪሲዲ የሚያከራየው ሱቅ በር ላይ የተለጠፈው ፎቶዋ ዝናብ አጥቦ እስኪያነጣው ድረስ ቆይቷል። እኔ ፎቶውን አላመንኩትም። በልጅነቷ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ስትሄድ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ ነበራት፤ የፎቶዋ ልጅ ጠባሳ የላትም።

«ዓይን ሲኳል አላየሽም? ጠባሳም ይኳላል» አሉኝ እናትየዋ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ወልጄ ካሳደግኩ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል አይንቅም፤ አንዷ ስትሳት ያመዋል። የሱቅ ማስታወቂያ እንኳ ቆሜ በልቤ ሳላርም አላልፍም። ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን ለዚህ ነው «እመት እርማት» የምትለኝ።

የፋሲካ ዕለት ልጂቱ በቴሌቪዥን የበዓል ዝግጅት ላይ ትቀርባለች ተባለና የሰፈር ሴቶች እናትየዋ ቤት ተሰበሰብን። ቴሌቪዥኑን የላከችላቸው ራሷ ልጂቱ ናት፤ ጥልፍ ለብሶ ነበር የሚውለው። ጥልፉ ተገለጠ፣ እሷም ቀረበች። አክስቷ አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እዚያው ሶፋ ላይ፣ አጠገቧ ተቀምጣለች። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሶፋውን ነው። ከሁለት ሰው በላይ አይዝም።

አቅራቢው ስለ ቤተሰቧ ጠየቃት። የአክስቷን እጅ ያዝ አደረገችና፣ በኔ ጆሮ እንደገባው ከሆነ፣ «እናቴ ሞታ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት» አለች።

እናትየዋ ከኔ ጎን ናቸው። ቂጣቸው ከተቀመጡበት ዱካ አልተነሳም።

«ሞጣ አለች!» ብላ ቅቤ ነጋዴዋ ብድግ አለች። «ሰማችሁ? የእናቷን አገር ጠራች! እልልል!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እናትየዋ ትውልዳቸው ሞጣ ነው፤ ወንድማቸውም ዛሬ ድረስ እዚያ ይኖራል። እሳቸውም ዘግየት ብለው እልል አሉ። አቅራቢው ቀጥሎ ያለውን ማንም አልሰማም።

ስንወጣ ቅቤ ነጋዴዋን ደጅ ላይ ያዝኳት። «‹እናቴ ሞጣ› ካለች ግሱ የታለ? ደግሞስ እናቷ ያሉት ቢቸና አይደለም?»

«አንች ደግሞ! ሰው ሲያወራ ግስ ተሸክሞ ይዞራል? ለሞተ ሰው ቴሌቪዥን የሚልክስ የት አገር አለ?»

ግን አልተዋጠልኝም። ቅኔ አገር ያደግን ነን፤ አንድ ቃል ሁለት ቢወልድ አይደንቀንም። ይህች ልጅ ግን ቅኔ ቤት አልገባችም። እናት አልባ ያደገች ተዋናይ በተመልካች ዘንድ ይበልጥ እንደምትወደድ የነገራት ሰው እንዳለ ጠረጠርኩ። አክስቲቱን ጠረጠርኩ። ልጄን ሌላ ሰው አሳድጎልኝ ቢሆን ነገሩ እንዲህ ክፉ ሆኖ ይታየኝ ነበር ወይ ብዬ ራሴንም ሳልጠረጥር አልቀረሁም።

ወሬው ግን ገበያ ሄዶ ቤት ሠርቶ ተመለሰ፦ ልጂቱ ለእናቷ ሞጣ ላይ ቤት እያሠራች ነው ተባለ። እናትየዋ እህል ሊገዙ ሲወጡ «መቼ ነው የሚገቡት?» ይሏቸዋል። «እግዜር ሲያውቅ» ይላሉ።

አንድ ጠዋት አጥሬ ጋ መጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«አንች ፊደል ታውቂያለሽ። በጣ ነው በታ ያለችው?»

«በደንብ አልሰማሁም እትዬ።»

«አንች? አልሰማሽም?» አሉና ዓይኔን ፈለጉት።

«ለምን አይደውሉላትም?»

«ደውዬ ምን ልበላት? ‹ልጄ፣ ሞቻለሁ ወይ?› ልበል?»

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት እንደሚደገም ሰምተው ኖሯል። ብቻሽን ነይ አሉኝ። ሄድኩ። በሩን ቀረቀሩ፣ ድምፁን ከፍ አደረጉት። እኔ የልጂቱን አፍ ነው የማየው። ጣ ምላስ ላይ ትፈነዳለች፤ ታ እንደ ትንፋሽ ታልፋለች። ሶፋው መጣ፣ የአክስቷን እጅ ያዘች፣ ተናገረች። ቃሉ አለፈ፤ አልፈነዳም።

ለእናትየዋ ምን እንደምል ሳስብ አቅራቢው አዳነኝ፤ ወይም ገደለኝ። በፋሲካው እልልታ የተዋጠው ንግግሩ አሁን ጥርት ብሎ ተሰማ፦ «ነፍሳቸውን ይማር።»

ልጂቱ አንገቷን ደፋ አድርጋ «አሜን» አለች።

እናትየዋ ተነስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ጥልፉን መለሱለት፣ ጥግና ጥጉን እኩል አድርገው ጎተት ጎተት አደረጉት። ፊታቸውን ወደኔ አላዞሩም።

«የሞጣው መኪና በጠዋት ነው የሚነሳው?»

«ሞጣ ምን ሊሠሩ?»

«ወንድሜ ዘንድ ልገባ። እናቴ ሞጣ ናት ብላለች አይደል?»

«እትዬ፣ አሁን ሰማን እኮ። እንዲያ አላለችም።»

«አንችና እኔ ሰማን። ሰፈሩ የሰማው ሌላ ነው። እዚህ ከተቀመጥኩ አንድ ቀን አንዷ ‹ታዲያ ምን ማለቷ ነበር?› ትላለች፤ ልጄ ውሸታም ትሆናለች። ሞጣ ከገባሁ እውነቷን ነው።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። «ለኔም ቢሆን ከሞታ ሞጣ ይሻለኛል።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ቅቤ ነጋዴዋ አንድ ቅል ቅቤ ለቤት ምረቃው ብላ አስያዘቻቸው፤ መርቀው ተቀበሏት። ቴሌቪዥኑን ግን አልወሰዱትም፤ እኔ ቤት አስገቡት። «አንች ጠብቂልኝ» ሲሉኝ ዕቃውን መስሎኝ ነበር።

በዓመቱ ለስብሰባ ሞጣ ሄጄ ጠየቅኋቸው። በወንድማቸው ጓዳ በኩል በተቀጠለች ክፍል ተቀምጠው ሽንኩርት ይልጣሉ። ተሳስመን ሳንጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አለች?»

የቀረበችበትን ዝግጅት ሁሉ፣ አፏን እያየሁ፣ አንድም ሳላሳልፍ ተከታትያለሁ። ስለ እናቷ ዳግመኛ አላነሳችም።

«ምንም አላለች እትዬ።»

«እሰይ» አሉ፤ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። «ወደ ሌላ ከተማ የምሄድበት ጉልበት የለኝም።»