ለጓደኛዬ የጠየቅሁት ቅባት

በደርግ ዘመን በሀዋሳ፣ ያኔ አዋሳ በምንላት ከተማ፣ የመድኃኒት ቤት ሰው በማታለል የሚስተካከለኝ አልነበረም። ዶክተር ቢያመጡ አታልላለሁ፤ ሚኒስትር ቢጨምሩ ከነሾፌሩ። የሞከርኩት ግን አንዴ ብቻ ነው።

ጭኔ ላይ ጭርት ወጣብኝ። መጀመሪያ የሳንቲም ያህል ነበር፤ በሳምንቱ ሐይቁን አከለ። ከገበያው በታች ባለው መድኃኒት ቤት አንድ አዛውንት ድሬሰር ነበሩ። የሐኪም ቤት ወረፋ የሰለቸው ሁሉ እከኩንም ብጉንጁንም ለእሳቸው ያሳያል፤ ከመጋረጃ ኋላ አስገብተው አይተው መድኃኒቱን ይሰጣሉ። እኔም ልሄድ እችል ነበር፣ የምወዳት ልጅ አባት ባይሆኑ።

ልጅቷ ቢሯችን ውስጥ ታይፒስት ነበረች። ሽማግሌ ልልክ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። "አባዬ ብቻ እንዳይቀየሙህ፤ እሳቸው እምቢ ካሉ እኔ የለሁበትም" ብላኛለች።

መስኮቱ ጋ ቀርቤ "ጋሼ፣ ለጓደኛዬ ነው፤ ጭኑን በጣም ያሳክከዋል" አልኳቸው።

"እና አንተ ነህ የምታክክለት?"

ወረፋው በሙሉ ሳቀ።

"ሳላይ ቅባት አልሰጥም። ይዘኸው ና።"

አብሮኝ የሚኖረውን ጓደኛዬን ለምኜ ወሰድኩት። እሱ ጭርት የለበትም፤ ጭኑን የጨረሰው ትኋን ነው። የቤታችን ትኋን ደግሞ ሰው ከነፍራሹ ተሸክሞ የሚያወርድ ነበር። ድሬሰሩ ሱሪውን አስወልቀው አይተውት የማሳከክ ማስታገሻ ቅባት ሰጡት። "ለዚህ ብቻ ነው። ጭርት ላይ ከተቀባ ያባብሰዋል" ሲሉ መጋረጃው ጋ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ተቀባሁ።

ሦስት ቀን ማሳከኩ ጠፋ፤ ራሴን ፕሮፌሰር አድርጌ ሾምኩ። ከዚያ ጭርቱ ጉዞ ጀመረ። ሆዴን አቋርጦ ግራ ክንዴ ላይ ሰፈረ። በዚያ ሙቀት ኮት እየለበስኩ ደበቅሁት።

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ድሬሰሩ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። መፈክር ሲጀመር እንደ ሁሉም ሰው ግራ እጄን አነሳሁ፤ አለማንሳት በዚያ ዘመን አይታሰብም። የኮቴ እጅጌ እስከ ክርኔ ተንሸራተተ። እሳቸውም እጃቸውን እንዳነሱ ክንዴን አዩት።

ስንቀመጥ "ጓደኛህ ተሻለው?" አሉኝ በቀስታ።

"በጣም ተሽሎታል፣ ጋሼ።"

"አየሁ። ወደ አንተ ዞሯል።"

ሽማግሌዎቹ እሁድ ሄደው ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተመለሱ። ትልቁ ሽማግሌ ኮፍያቸውን እያገላበጡ "ጭርት ይድናል አሉ" አሉኝ። "ዓይኔን እያየ ሁለቴ ለዋሸኝ ሰው ግን ልጄን አልሰጥም አሉ።" ልጅቷም ከዚያ ወዲያ ቢሮ ስንገናኝ ከታይፑ ቀና አላለችም።

በኋላ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ክንዴን አሳየሁ። ትክክለኛውን ቅባት ሰጡኝና "ጠዋትና ማታ" አሉኝ። ጭርቱ ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ እሷ አግብታ ዲላ ገብታለች።

ለምን በመጀመሪያው ቀን ከመጋረጃው ኋላ እንዳልገባሁ ሰው ሲጠይቀኝ "አማቼን አፍሬ ነው" እላለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ የውስጥ ሱሪ አልነበረኝም።