በእማማ ማርታ ሳሙና አሳበብኩ

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። እኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የሚባል የለም፤ ጉባኤ ፊት ቆሞ መመስከር ደግሞ በእልልታ ያልቃል። እኔ እልልታ አልፈልግም። ስለዚህ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። እማማ ማርታን አሳልፌ የሰጠሁ እኔ ነኝ።

ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ ሶዶ ውስጥ ሥራ ፈትቼ የምዞርበት ጊዜ ነበር። ከሰፈራችን በታች ያለው ኩሬ፣ ሰው ሐይቅ ይለዋል እንጂ ከወገብ አያልፍም፣ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ይሸት ጀመር። ውሃውን ለማዳን ከአረካ አንድ ባለሙያ መጣና ወጣቶችን መለመለ። ለእኔ ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ ድንጋይ የታሰረበት ክብ ቆርቆሮ በገመድ ሰጠኝ። ውሃው ውስጥ አወርደዋለሁ፤ ከዓይኔ ሲጠፋ ገመዱን ለክቼ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ቶሎ ከጠፋ ውሃው ደፍርሷል ማለት ነው። ባለሙያው «ይህ ውሃ የታመመው ጠግቦ ነው፤ አረንጓዴውን የሚያሳድግ ምግብ በዝቶበታል» ይለን ነበር። «የሚያጎርሰውን ፈልጉ። አጉራሹ ካልቆመ ብንጠርገውም ተመልሶ ይኸው ነው።»

አጉራሹን አገኘሁት። አጎቴ ነበር።

አጎቴ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ የቀበሌ ካቢኔ፣ የአንድ ለአምስት መሪ። ለጊፋታ በዓል የሚታረዱ በሬዎች ጓሮው ያደልባል። በኩሬው ዳርቻ ቄጠማ ልተክል ስሄድ ከበረቱ በሣር ተሸፍኖ የሚወርድ ቦይ አየሁ፤ ፍጉና ሽንቱ ተበጥብጦ ቀጥ ብሎ ውሃው ይገባል። እዚያ ጋ ቆርቆሮው አንድ ስንዝር ሳይወርድ ይጠፋል። ሰው እንዴት ሳይጠረጥር ቀረ? ወላይታ ፍግ ይጥላል ብሎ ማን ያስባል! ፍግ የእንሰት ነው። አጎቴ ግን እንሰቱን ነቅሎ በረት አስፍቶበታል።

ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ፍግ መርዝ ነው እንዴ? ያሳድጋል እንጂ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፦ «ቀበሌው ጸሐፊ ይፈልጋል። ስምሽን ልሰጥ አስቤ ነበር።» ሌላ አልጨመረም። ምን ይጨምራል? ገብቶኛል።

ስለ ኩሬው በተጠራው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉም ጣቱን ኩሬው ዳር በሚያጥቡት ልብስ አጣቢዎች ላይ ቀሰረ፤ አረፋ ይታያል፣ ቦይ አይታይም። እማማ ማርታ ከአጣቢዎቹ አንዷ ነበሩ። ተማሪ ሳለሁ ዩኒፎርሜን ከደንበኞቻቸው ልብስ መሃል ከትተው የሚያጥቡልኝ፣ ከጎዳሬያቸው የሚያካፍሉኝ። ተነሥተው «እኛ ብንል አታምኑንም» አሉ። «ውሃውን በየቀኑ የምትለካው ይህቺ ልጅ ናት። ልጄ፣ ተነሽ ንገሪያቸው!»

ተነሣሁ። አጎቴ ጥፍሩን ያያል። እኔም በገዛ አፌ «ሳሙናው ነው» አልኩ። ደብተሬ እንደዚያ አላለም። ቆርቆሮው እንደዚያ አላለም። እኔ አልኩ፣ እኔ። እማማ ማርታ አልጮሁም፤ ንግግሬን ያልጨረስኩ መስሏቸው ቆመው ጠበቁኝ። ያን አጠባበቃቸውን የት ላድርሰው?

አጣቢዎቹ ታገዱ። ሌላው ምንጭ ሩቅ ነው፤ ባለልብሱ አልታገሣቸውም። እማማ ማርታ ቤታቸውን ለቀው ቢጠና ከተማ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ኩሬውስ ጠራ? አልጠራም። ሳሙናው ከቀረ በኋላም ቆርቆሮው ያችው ስንዝር ላይ ይጠፋል፤ ባለሙያው ግራ ተጋብቶ ሄደ። አጎቴ ጸሐፊነቱን ለሚስቱ እህት ሰጠ። «የአንቺ ምላስ ለቢሮ አይሆንም» አለኝ። ተካድኩ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ! እኔ ብሎ ተካጅ!

በኋላ ሁሉን ልነግራቸው ቢጠና ወረድኩ። እማማ ማርታ ደጅ ተቀምጠው ቦሎቄ ይፈለፍላሉ። ሲያዩኝ ጭናቸው ላይ የነበረው ሁሉ ተበተነ፤ አቅፈው ሳሙኝ። «ከዚያ ሁሉ ጎረቤት አንቺ ብቻ መጣሽ» አሉ። አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ፦ «ያን ቀን አስገድደውሽ ነው፣ አውቃለሁ። ልጄ፣ በልቤ አልያዝኩብሽም።»

እኔስ ምን አልኩ? ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ አስገድደውኝ ነው እንደማለት። ያቀረቡልኝን በላሁ፣ ተመርቄ ወጣሁ። በመጀመሪያው ውሸቴ የጸሐፊነት ወንበር ነበረልኝ፤ በሁለተኛው ግን ማን ምን ሰጠኝ?

ተምሬያለሁ፣ ቃል አውቃለሁ፣ ለራሴ ብከራከር እረታለሁ። አልከራከርም። እማማ ማርታ ይቅር ያሉት የተገደደችን ልጅ ነው። እኔን ማንም አላስገደደኝም።