አባቴ ስለ ኩባ የጠየቀው

የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት ዛንዚባር ልትሄድ ነው። ትናንት አጠገቤ ቁጭ ብላ የአገሬው ሰው ለእንግዳ የጻፈውን ምክር ከስልኳ አነበበችልኝ፤ የት እንደሚዋኝ፣ የትኛው ዓሣ እንደሚጣፍጥ፣ ጀልባ እንዴት እንደሚከራዩ። ደስ ይላል። እኔም ወደ ደሴት ልሄድ ስል ምክር የተቀበልኩበት ቀን አለ፤ ያውም በጎባ ብርድ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ኩባ ሄጄ እንድማር ተመረጥኩ። ሮቤ ላይ ጨርቅ ይነግድ የነበረው አባቴ ወሬውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ባሕር አይቶ አያውቅም። "ዙሪያውን ውሃ የከበበው አገር! ልምጣ ብትል በምን ትመጣለች?" ይላል ለእናቴ፣ እኔ እየሰማሁ። ሦስት ቀን ካሰበ በኋላ፣ "ከዚያ የመጣ ሰው ይጠየቅ፤ ካላማረኝ አትሄጅም" አለኝ።

ጎባ የምትሠራ አንዲት ኩባዊት ሐኪም ነበረች፤ እኔና አባቴ ወደ እሷ ሄድን። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ መንገዱን ሙሉ አልተወንም። የገብሱ ማሳ ጉም ለብሷል። የተሳፈርንባት መኪና ጭቃው ላይ በተንሸራተተች ቁጥር አባቴ የሪራ ማር የያዘውን ጣሳ አቅፎ "ያ ረቢ!" ይላል።

ሐኪሟ ሁለት ሹራብ ደርባ በሩን ከፈተችልን። "አካም!" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችንና ወደ አባቴ ዞራ፣ "ግቢ አባባ፣ ተቀመጪ" አለችው። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም ነበር። አባቴ ሳቁን ውጦ ተቀመጠ።

ጥያቄውን አሰናድቶ ነው የመጣው። ልጄ ምን ትበላለች? ሩዝና ጥቁር ባቄላ። የአሳማ ሥጋስ? "ፑዌርኮ ኖ" በይ፣ ማንም አይቀየምሽም ብላ አስጠናችኝ። ሳይጠማሽ ውሃ ጠጪ፣ ቀትር ላይ ጥላ ፈልጊ፣ ትልቁ ነፋስ መጣ ሲባል ባሕሩን ልየው ብለሽ እንዳትወጪ አለችኝ። ካፖርት ልያዝ ወይ ብላት ከት ብላ ሳቀች። "ለእኔ ስጪ!"

የአባቴ ፊት ሲፈታ አየሁ። ያኔ የመጨረሻውን ጠየቃት።

"አንቺስ ልጄ፣ ስትመጪ አባትሽ እሺ አለ?"

"እሺ አላለም። እኔ መጣሁ። ባለፈው ዓመት ሞተ፤ አልቀበርኩትም። ሩቅ ነው። በጣም ሩቅ።"

አለቀልኝ አልኩ። ብትዋሽ ምን ነበረበት ብዬ በልቤ ተቆጣኋት። አባቴ መዳፎቹን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ቆየች። ማሩን ሰጥቷት ወጣን።

ስንመለስ ግን፣ ሮቤ ልንገባ ስንል፣ "ያቺን ቃል በይ እስቲ" አለኝ።

"የቷን?"

"የአሳማዋን።"

"ፑዌርኮ ኖ።"

"ጮክ በይ! እንዲህ ብትንሾካሾኪ ማን ይሰማሻል?"

እንደምሄድ ያወቅኩት በዚህ ነው። ማታ ለእናቴ፣ "የሚያስለቅሰውን ያልደበቀች ሴት ናት፤ ሌላውን ብትነግረኝ አምናታለሁ" ሲላት ሰማሁት።

ኩባ ስድስት ዓመት ተማርኩ። የመጀመሪያውን ወር አለቀስኩ፤ እንደሚከፋኝ አውቄ ስለሄድኩ ግን አልደነገጥኩም። ስመለስ አባቴ በሕይወት ነበር፤ ጥያቄውን ገና ከመኪናው ሳልወርድ ነው የጀመረው።

ትናንት ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ፣ "መጥፎውን የጻፈው የቱ ጋ ነው?" አልኳት። ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች ስታደርግ ቆይታ አጣችው።

"እንግዲያው እዚያ ስትደርሺ አንዷን እናት ጠይቂ" አልኳት። "የሚያስለቅሰውን ካልደበቀችሽ፣ ሌላውን ብትነግርሽ እመኛት።"