ሳልናገር ያየሁት ጨዋታ

ስለ ቴሌቪዥን አስተያየት በመስጠት ጉለሌ ውስጥ የሚስተካከለኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። የምሠራው ጳውሎስ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ከመደርደሪያው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ጠዋት ከተከፈተ የሚዘጋው ማታ ነው፤ መድኃኒት የሚጠብቅ በሽተኛ ደግሞ ጣቢያ ቀይሩልኝ አይልም። ስለዚህ ያላየሁት የለም። በተከታታይ ድራማዎቻችን ውስጥ ሥራ የሚሄድ ሰው አይገኝም። ሁሉም ቪላ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል፤ ሲደወልለትም የተነገረውን እየደገመ ይጮኻል፤ "ምን? ሆስፒታል ገባች?" ፊልሞቻችን ውስጥ ከተዋናዩ ይልቅ መኪናው ብዙ ይታያል። የፖለቲካ ውይይት ከተባለ አራት ሰዎች ተደርድረው ሲስማሙ ያመሻሉ፤ አንዱ "እዚህ ላይ እንኳን እኔ..." ማለት ሲጀምር አዘጋጁ ሰዓታችን አለቀ ይላል። የስፖርቱ ግን ይብሳል። ኳሷ መረብ ውስጥ ስትገባ ኮሜንታተሩ የግብ ጠባቂውን የልጅነት ታሪክ እየተረከ ነው።

ይህን ሁሉ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። አብራኝ የምትሠራው ፋርማሲስት ግን ከመስማት አልፋ ትከራከረኝ ነበር፤ በኳስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ትረታኛለች። እንዲህ ጨዋታ የሚያነብ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ከየት እንደተማረችው ብጠይቃት ከአባቷ መሆኑን ነገረችኝ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከአንድ ዓመት ክርክር በኋላ ልንጋባ ተስማማን።

አባቷ የከተማ አውቶብስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለ ቤታቸው የሚውሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ጉንፋን ይዟቸው መድኃኒት ያደረስኩላቸው ቅዳሜ ነው። እሷ የሥራ ባልደረባዬ ነው ብላ አስተዋወቀችኝ፤ እሳቸውም ተቀመጥ አሉኝ። ጨዋታ ላይ ነበሩ። አምስት ደቂቃ ያህል ጨዋ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከዚያ ኮሜንታተሩ ስለ አንድ ተጫዋች አያት ማውራት ሲጀምር አላስቻለኝም። እኚህ ሰው ያንን ኮሜንታተር ለድምፁ ሲሉ እንደሚወዱት በምን ልወቅ? ሪሞቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ድምፁን አጠፋሁትና እስኪያልቅ ድረስ ጨዋታውን ራሴ አስተላለፍኩላቸው። በሰው ቤት፣ በአባት ፊት፣ በራሴ እጅ! እሳቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ ደግሞ ዝምታቸው አድናቆት መስሎኝ ደስ እያለኝ ወጣሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴ፣ የሠፈራችን የእድር ሰብሳቢና የንስሐ አባታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄዱ። ሲመለሱ አጎቴ ነጠላውን እንኳን ሳያወርድ ተቆጣኝ። ሽምግልና ሄዶ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ሰባት ቤት ዘር ተጠይቆ ያውቃል፤ ስለ ኳስ ሲጠየቅ ግን የመጀመሪያው ነው። ሰውየው በጨዋ ደንብ ተቀብለዋቸው፣ ልጁን አውቀዋለሁ፣ ሥራውንም አልጠላሁበትም ብለው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ቤታቸው ሄጄ አንድ ሙሉ ጨዋታ ትንፍሽ ሳልል አይቼ ልጨርስ፤ ሽማግሌዎቹም ከዚያ በኋላ ይመለሱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው።

እሷ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደነገጠች፤ ምክንያቱም ታውቀኛለች። በመጨረሻ እንዲህ ስትል ወሰነች፦ "በቃ እኔም አብሬህ ዝም እላለሁ። ለብቻህ አትችለውም።"

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድኩ። ፊቴ አንድ ሳህን ቆሎ አስቀመጠችልኝ፤ አፌ ሥራ እንዲያገኝ ነው። እሳቸው ሶፋው ላይ፣ እሷ ከጎናቸው፣ እኔ በሩ አጠገብ። ጨዋታው ተጀመረ። በአሥረኛው ደቂቃ ኮሜንታተሩ አንዱን ተጫዋች በሌላው ስም ጠራው፤ ቆሎ ቆረጠምኩ። በሃያኛው ደቂቃ ስለ ስታዲየሙ አሠራር ሲያብራራ ግብ አመለጠው፤ ሁለት እፍኝ ቆረጠምኩ። ሰውየው በዓይናቸው ጫፍ አዩኝና ፈገግ አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ደስታቸው ግን እስከ ዕረፍት አልዘለቀም። "ይሄ ዳኛ ዓይን የለውም" አሉ ወደ ልጃቸው ዞር ብለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከእሷ አንድ ነገር ይመጣ ነበር፤ አሁን ሻይዋን ፉት አለች። በዕረፍቱ ጣቢያ ቀየሩ፤ አራቱ የፖለቲካ ተወያዮች ተቀምጠው እየተስማሙ ነው። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ወደ ኳሱ ቀየሩት። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ንግግራቸው በዛ። አሰላለፉን ተቹ፣ ቅያሪውን ተቹ፣ የሚደግፉትን ቡድን ሳይቀር ሰደቡ፤ ይህን ሲያደርጉ ሰምታ እንደማታውቅ በኋላ ነግራኛለች። ከእያንዳንዱ አስተያየት በኋላ ትንሽ ይጠብቃሉ። ማንም አይመልስላቸውም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የኮሜንታተሩ ድምፅና የእኔ ቆሎ ብቻ ነው።

ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው አጥቂያቸው ሳጥን ውስጥ ወደቀ። ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። "ተገቢ ነው" አሉ ጮክ ብለው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "አይደለም እንዴ?" ወደ ልጃቸው ዞሩ። እሷ ወደ እኔ አየችና አንገቷን ደፋች።

ኳሷ ገባች። እሳቸው ግን አላዩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሌላ ጎናቸው ያለውን ባዶ የሶፋ ጫፍ ያዩ ነበር።

"እሷ ስትሄድ ይሄ ቤት እንዲህ ነው ማለት ነው" አሉ። "እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቅዳሜን ያሻገረችኝ እየተከራከረችኝ ነው።"

እሷ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። እኔ አፈርኩ። ፈተናው ስለ እኔ አፍ ነው ብዬ ሳምንቱን ሙሉ ተጨንቄ ነበር፤ እኚህ ሰው ምን እንደሚያጡ አንድ ጊዜም አላሰብኩም። ማጽናኛ ቃል ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። የመጣልኝ የማውቀው ነገር ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ ፍጹም ቅጣት ምት አልነበረም" አልኳቸው። "ማንም ሳይነካው ነው የወደቀው።"

ዘጠናው ደቂቃ አልሞላም። እሷ በድንጋጤ አየችኝ። እሳቸው ቀጥ ብለው ተቀመጡና ዓይኔን እንድታከም መከሩኝ። እኔ ድጋሚው ሲታይ እግሩን ብቻ እንዲያዩ ነገርኳቸው። እሷም እምባዋን እየጠረገች፣ ነክቶታል ግን የሚያስወድቅ አልነበረም ብላ መሐል ገባች፤ ሁለታችንም አልተቀበልናትም። ጨዋታው አልቆ ማስታወቂያ ሲጀምር እንኳ አልጨረስንም። አሁንም እላለሁ፣ አልነካውም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቼ ተመለሱ። ፈተናውን መውደቄን ስለማውቅ አጎቴን ለክፉም ለደጉም አዘጋጅቼው ነበር። ሰውየው ግን ስለዚያ አላነሱም። ሦስቱንም አስቀምጠው፣ ቤታቸውንና ልጃቸውን አስመርቀው፣ ከተጋቡ በኋላ ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የሚውሉት ሲሉ ጠየቁ። አጎቴ ወደ ንስሐ አባታችን አየ፤ እሳቸውም ወደ መስቀላቸው። በደንባችን የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትናገርም። የመለሰችው ግን እሷ ነበረች፣ ከጓዳ ሆና፦

"እዚሁ ነው፣ አባዬ።"